መመለሻችሁ ወዴት ነው?

ደጅ መጥናት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የተወሰደባቸውን ርስት ለማስመለስ ወይም የደረሰባቸውን በደል ለማሰማት በባለሥልጣን ደጅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆሙ ነበር። አጋፋሪው ዛሬ ቢመልሳቸው ነገ ይመጣሉ፤ ነገም ቢመልሳቸው ስንቃቸውን ቋጥረው ከነገ ወዲያ ይመጣሉ። መከራው ብዙ እንደ ነበረ አይካድም። ይሁን እንጂ በዚያ ደጅ አንድ ደኅና ነገር ነበር። ጌታው ሲወጣ ፊቱ ይታያል፤ «አቤት!» ሲሉት ይሰማል፤ «ይህን ሰው የሚያውቀው ማነው?» ሲባልም ከቆመው ሕዝብ መካከል አንዱ ብድግ ብሎ «እኔ ዋሱ ነኝ» ሊል ይችላል። ዛሬ እኛ በባሕር ማዶ የምንማር ተማሪዎች የምንጠናው ደጅ ግን ጌታው የማይታይበት ነው፤ ዋስ የሚሆነውም ሰው ሳይሆን ወረቀት ነው። የዚህ ደጅ ስም ቪዛ ይባላል።

ስለ ቪዛ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከአገር ቤት ስለሚወጣ ሰው ነው። እኛ ዛሬ ልንጽፍ የፈለግነው ግን ከዚህ ጥቂት ስለሚለየው ሰው ነው፤ ይኸውም በሰው አገር እየኖረ ወደ ሦስተኛ አገር ለጥቂት ቀን ብቅ ብሎ ለመመለስ ስለሚያመለክተው ነው። እኛ ሦስት ጓደኛሞች ነን። የምንማረው በሰሜን እንግሊዝ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ነው። ሁለታችን ገና ዓመት የሚቀረን ስንሆን ሦስተኛው ጓደኛችን በዚሁ ዓመት ጨራሽ ነበር። ባለፈው የበጋ ዕረፍት ከባሕሩ ወዲያ ወዳለው የአውሮፓ ምድር ለ8 ቀን ለመሄድ አሰብን። የአገሩንና የቆንስላውን ስም አንባቢ እንዳይጠይቀን እንለምናለን፤ ሕጉ የብዙ አገሮች የጋራ ሕግ ስለሆነ ነገሩ አንዱን ለይቶ የሚያስከስስ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመንና ወር ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሸንገን በሉክሰምቡርግ አገር፣ በሞዜል ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። በ1985 የቤልጅግ፣ የፈረንሳይ፣ የሉክሰምቡርግ፣ የሆላንድና የዚያን ጊዜዋ ምዕራብ ጀርመን መልእክተኞች በወንዙ ላይ በነበረች መርከብ ተሰብስበው፣ በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ቀስ በቀስ ለማስቀረት ተፈራረሙ። በ2025 መጀመሪያ ቡልጋሪያና ሩማንያ ሙሉ በሙሉ ከገቡ ወዲህ ማኅበርተኞቹ 29 ደርሰዋል። አንዱን ደጅ ያለፈ እንግዳ 29ኙንም ቤት ያለ ጠያቂ መዘዋወር ይችላል ማለት ነው። ይህ በእውነት የሚያስቀና ሥራ ነው። ነገር ግን ቤቶቹ በመካከላቸው ያለውን አጥር ሲያፈርሱ በግቢው ዙሪያ ያለውን አጥር ከፍ ማድረጋቸው አልቀረም።

አብረውን የሚማሩ እንግሊዛውያን ይህን አጥር አያውቁትም። ዓርብ ማታ ተማክረው ቅዳሜ ጧት ይሄዳሉ። አገራቸው ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ እነርሱም እንደ ሌላው የውጭ ሰው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ እንዳይቆዩ ተቆጥሮባቸዋል፤ በዚህም ሲያማርሩ ሰምተናል። እኛም አብረን አዘንን። 90 ቀን ለማን ይበቃል?

ለእኛ ነገሩ የሚጀምረው «የት እናመልክት?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ሕጉ እንደሚያዝዘው አመልካች ጉዳዩን የሚያቀርበው በሕጋዊነት በሚኖርበት አገር ለሚገኘው ቆንስላ ነው፤ ቆንስላውም ብዙ ቀን ሊያሳልፍበት ያሰበው አገር ቆንስላ መሆን አለበት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በእንግሊዝ አገር ነዋሪ መሆንን ማስረዳት ያስፈልጋል። ቀድሞ የመኖሪያ ፈቃድ በኪስ የሚያዝ ካርድ ነበር። እንግሊዝ ግን በ2024 ማለቂያ ካርዱን ትታ መዝገቡን ሁሉ በኮምፒዩተር አደረገችው። አሁን ነዋሪነታችንን የምናሳየው ከዚያ መዝገብ በሚወጣ የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ እርሱም 90 ቀን አገልግሎ ይሞታል። አብዛኞቹ ቆንስላዎች ደግሞ ፈቃዱ ከጉዞው መመለሻ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የቀረው እንዲሆን ይጠይቃሉ። ይህችን የ3 ወር ነገር አንባቢ ልብ ይበላት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

የቀረው የወረቀት ነገር ነው። ፓስፖርቱ ከ10 ዓመት ወዲህ የተሰጠ፣ ከመመለሻው ቀን በኋላም ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ 2 ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የባንክ መግለጫ፣ የማደሪያ ማስረጃ፣ የሄዶ መመለሻ ቲኬት፣ ከዩኒቨርሲቲው የተጻፈ የምስክር ደብዳቤ ይጨመርበታል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስም ያስፈልጋል፤ ሦስታችንም ከተወለድን ጀምሮ የታመምነው በሽታ ሁሉ ተደምሮ ይህን ያህል ገንዘብ አያወጣም። የቪዛው ዋጋ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ ወረቀቱን ለሚሰበስበው ድርጅት የሚከፈለው ለብቻው ነው። ቢፈቀድም ባይፈቀድም ገንዘቡ አይመለስም። በአገራችን እጅ መንሻ ይዞ ደጅ የሚጠና ሰው ቢያንስ ምሳ ይበላ ነበር።

በሜይ ወር ቀጠሮ ስላገኘን ሌሊት 6 ሰዓት አውቶቡስ ተሳፍረን ሲነጋ ለንደን ደረስን። ቆንስላውን አላየነውም። ማመልከቻ የሚቀበለው ቆንስላው የቀጠረው የግል ድርጅት ነው። የተቀበለችን ልጅ በአነጋገሯ እርሷም ከሩቅ አገር የመጣች ትመስላለች። ጓደኛችን ጉዳዩን በቃል ሊያስረዳት ሲጀምር በትሕትና አቋረጠችውና «እኔ ወረቀት እቆጥራለሁ እንጂ አልፈርድም» አለችው። እውነቷን ነው። ሰውዬውን ያየችው እርሷ አትፈርድም፤ የሚፈርደው ደግሞ ሰውዬውን አያየውም።

ከዚያ የ10 ጣታችን አሻራ ተነሣ። አሻራው በመዝገብ ስለሚቆይ በ59 ወር ውስጥ እንደ ገና ለሚያመለክት ሰው ያንኑ ይጠቀሙበታል። አገር ቤት በጣቱ የሚፈርመው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው። በዚያች ክፍል ግን ዶክተሩም፣ ነጋዴውም፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪውም እኩል በጣቱ ሲፈርም አየን። እኩልነትን በብዙ መጽሐፍ ስንፈልግ ኖረን እዚያ አገኘናት።

ቅጹ ላይ «የጉዞው ምክንያት» የሚል ጥያቄ አለ። ሁለታችን «ጉብኝት» በሚለው ላይ ምልክት አደረግን፤ ሙዚየምና አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ለማየት ነበርና። ሦስተኛው ጓደኛችን ግን «ቤተ ዘመድ ለመጠየቅ» በሚለው ላይ አደረገ። በዚያ አገር ታላቅ እህት አለችው። በሊቢያ በረሃና በባሕር አልፋ የደረሰች፣ ጥገኝነት የተሰጣት ሴት ናት። ከተለያዩ 9 ዓመት ሆኗቸዋል። እርሷ በስደተኛነት ወረቀት ስለምትኖር አገር ቤት መግባት አትችልም፤ ወደ እንግሊዝ ልምጣ ብትልም ሌላ ቪዛ፣ ሌላ ደጅ ይጠብቃታል። እንግዲህ ወንድምና እህት ሊተያዩ የሚችሉበት ቀዳዳ ይህች የ8 ቀን ጉዞ ብቻ ነበረች። እርሷም ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ የመጋበዣ ወረቀቱን ከመዘጋጃ ቤት አስመስክራ ላከችለት። «አንተም ጉብኝት በል፣ ይቀልልሃል» ያሉት አዋቂዎች ነበሩ። እርሱ ግን «እህቴን ላይ እየሄድኩ ሐውልት ላይ ነው ብዬ አልፈርምም» ብሎ እውነቱን ጻፈ።

ከዚህ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ሕጉ ለመልስ 15 ቀን ይላል፤ እስከ 45 ቀን ሊራዘምም ይችላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ግን ሌላ ታሪክ አለ። በ2024 ኤፕሪል የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ ለመቀበል በበቂ አልተባበረም በማለት፣ ለኢትዮጵያውያን ተራው የመልስ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ወሰነ። በመንግሥታት መካከል ያለው ክርክር የራሱ መልክ ይኖረዋል፤ በዚያ ልንፈርድ አንችልም። ግን ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ አንዲት ቃል ያልተናገረ ተማሪ በፓስፖርቱ ሽፋን ምክንያት ሒሳቡን ይከፍላል።

መልሱ በ38ኛው ቀን መጣ። ለሁለታችን፣ ሐውልት ለማየት ለምንሄደው፣ ተፈቀደ፤ 8 ቀን ጠይቀን 8 ቀን ተሰጠን። እህቱን ሊያይ ለሚሄደው ተከለከለ። ሲከለከል የሚሰጠው ወረቀት ምክንያቶች ተደርድረው የታተሙበት ቅጽ ነው። የእርሱ ምልክት ያረፈው፣ ቪዛው ከማለቁ በፊት ከአገሩ ለመውጣት ያለው ሐሳብ ያጠራጥራል በሚለው ላይ ነበር። ሌላ ቃል አልተጻፈም።

ይህን ወረቀት ሦስታችን ሆነን ደጋግመን አነበብነው። የመኖሪያ ፈቃዱ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ የሚያገለግል ስለነበረ የ3 ወሯን ደንብ ያሟላል። በኦገስት ወደ አዲስ አበባ የሚገባበትን ቲኬት ቆርጦ ቅጂውን አያይዟል፤ በአገር ቤትም የመምህርነት ሥራ ይጠብቀዋል። የፈራጁን ልብ ማወቅ ባንችልም እኛ የመሰለን ይህ ነው። ትምህርቱን ስለጨረሰ በእንግሊዝ አገር የሚይዘው ገመድ የለም ተብሎ ተገምቷል። ወደ አገሩ ሊገባ መሆኑን የሚያስረዳው ቲኬትም ከእንግሊዝ የሚለቅ ሰው መሆኑን መሰከረበት። ለአገሩ ታማኝ መሆኑ ለነዋሪነቱ ዕዳ ሆነ።

ነገሩን አጥብቀን ስናየው በሰው አገር የሚኖር ሰው ችግር እዚህ ላይ ነው። ቪዛ የሚጠይቀው «ወዴት ትሄዳለህ?» ብቻ ይመስላል እንጂ ዋናው ጥያቄው «መመለሻህ ወዴት ነው?» የሚል ነው። ከአገር ቤት የሚያመለክት ሰው ለዚህ መልስ አያጣም፤ ቤቴ፣ ልጆቼ፣ መሬቴ፣ ሥራዬ ይላል። እኛስ ምን እንበል? «ወደ አገራችን» ብንል «ታዲያ እዚህ ምን ያመለክታችኋል?» ያሰኛል። «ወደ እንግሊዝ» ብንል፣ እንግሊዝ ራሷ የሰጠችን ፈቃድ የሚያልቅበት ቀን ተጽፎበታል። በጊዜያዊ ቤታችን ቋሚ መሆናችንን እንድናስረዳ እንጠየቃለን። ለማደር የተከራየናት አንዲት ክፍል፣ አልጋና ጠረጴዛዋ የባለቤቲቱ የሆነች ክፍል፣ የመመለሻችን ምስክር ሆና ትቀርባለች። እናታችን የምትጠብቀን ቤት ግን ከምስክሮች ቁጥር ውስጥ አትገባም።

አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ አገሮች ደጃቸውን ይጠብቁ ዘንድ መብታቸው አይደለምን?» ይል ይሆናል። መብታቸው ነው። አገራችንም ከብዙ እንግዶች ቪዛ ትጠይቃለች። ለ8 ቀን ገብተው የቀሩ መኖራቸውም እውነት ስለሆነ ጥርጣሬው ከሰማይ አልወረደም። እኛ የምንከራከረው ስለ መጠየቁ ሳይሆን ስለ መልሱ መንገድ ነው። ሰው ለሰው ዋስ የሚሆንበት መንገድ ፈጽሞ መጥፋቱ ነው የሚያሳዝነን። ሦስት ዓመት ያስተማረው ፕሮፌሰር «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ፣ ቃሉን ይጠብቃል» ብሎ ቢጽፍለት ደብዳቤው ከባንክ መግለጫው በታች ይቀመጣል። ገንዘብ ዋስ ሆኖ ይታመናል፤ መምህር ግን አይታመንም።

በዚህ ነገር የታሪክ ትምህርታችን አንድ ሰው ያስታውሰናል። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የአገራችን መነኩሴ በ17ኛው መቶ ዓመት በሮማ ይኖሩ ነበር። በሰው አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያዊ ነበሩ ማለት ነው። በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ እዚያ አገኛቸውና ወዳጅ ሆኑ። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋብዘዋቸው ከሮማ ወደ ጀርመን አገር ሄዱ፤ ከሉዶልፍ ጋርም ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ፣ ስለ አገራችንም ታሪክ ብዙ ሠሩ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስው የዚያ ወዳጅነት ፍሬ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። የእርሳቸው ዘመን መንገድ ከእኛ ዘመን መንገድ እጅግ የከፋ እንደ ነበረ ከአሟሟታቸው ይታወቃል፤ ያን ዘመን መልሱልን አንልም። ግን ከአንድ የሰው አገር ወደ ሌላ የሰው አገር ሲሻገሩ መንገዱን የከፈተላቸው የሚያውቃቸው ሰው መኖሩ ነው። ዛሬ ቢሆን ኖሮ መነኩሴው የ3 ወር የባንክ መግለጫ ከየት ያመጡ ነበር?

ጓደኛችን ይግባኝ የማለት መብት ነበረው፤ ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። ነገር ግን ይግባኙ የሚታየው በከለከለው አገር ሕግ ሲሆን የበጋው ዕረፍት ሳያልፍ መልስ እንደማይገኝ ተነገረው። እንደ ገና ያመልክት እንዳንል፣ በጁላይ አመልክቶ 45 ቀን ቢጠብቅ ኦገስት ያልቃል፤ ያን ጊዜ ፈቃዱ ከመመለሻው በኋላ 3 ወር አይቀረውም። ቀደም ብለን ልብ በሉ ያልናት ደንብ መጣች ማለት ነው። ቀዳዳዋ ተደፈነች። «ሂዱ እንጂ፤ እኔ ስለቀረሁ እናንተ ምን ቤት ናችሁ?» ብሎ እናቱ በሰው እጅ የላከችውን ነጠላ ሰጠን። ለእህቱ የተላከ ነበር።

እኛም ሄድን። ሙዚየሙን አየን፤ በቤተ መጻሕፍቱም በብራና የተጻፉ የአገራችንን መጻሕፍት በመስተዋት ውስጥ ተዘርግተው ስናይ ደስታና ቅናት ተቀላቀለብን። በሦስተኛው ቀን እህቲቱ ወዳለችበት ከተማ በባቡር ሄድን። ከጣቢያው በር ቆማ ጠበቀችን። አስቀድሞ በስልክ የተነገራት ቢሆንም ከኋላችን የሚመጣ ሦስተኛ ሰው እንዳለ ሁሉ በትከሻችን ላይ አሻግራ ታይ ነበር። ነጠላውን ስንሰጣት አልለበሰችውም፤ አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችውና «ልጆች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ስንት ቀን ሰጧችሁ?» አለች። «ስምንት» አልናት። «ሁለታችሁ ተደምራችሁ 16፤ አንዱን ቀን እንኳ ለእሱ ማበደር ቢቻል!» ብላ ሳቀች። እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም። ቤቷ ወስዳ ለሦስት ሰው የተሠራ ምሳ ለሁለታችን አበላችን። በ8ኛው ቀን እንግሊዝ ገባን፤ ጓደኛችንም በቲኬቱ ቀን፣ በኦገስት፣ አዲስ አበባ ገባ። ሐሳቡ ያጠራጠረው ሰው በተናገረው ቀን ወደ ተናገረው ቦታ ተመለሰ።

ከዚህ ነገር ለተማሪ ወገኖቻችን የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። በሰው አገር የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች፣ የመጨረሻውን ዓመት አትጠብቁ፤ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ገና ረጅም ሳለ ሂዱ። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ሊቀርብ ይችላልና ቀጠሮውን በጊዜ ያዙ። ስትከለከሉም ምክንያቱ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብላችሁ የይግባኙን ቀን ቁጠሩ። ማኅበራችን ደግሞ ለጥቂት ሰው ልፋት የሚተወው ጉዳይ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች ለሚያውቋቸው ተማሪዎች ዋስ ቢሆኑ ቃላቸው ክብደት እንዲሰጠው ከሌሎች አገሮች ተማሪዎች ማኅበራት ጋር ሆኖ ሊጠይቅ ይገባዋል።

የመጨረሻው ነገር ለራሳችን ነው። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሌላም ቦታ የመጡ ብዙ ስደተኞች በአገራችን ይኖራሉ። በ2019 የወጣው የስደተኞች አዋጅ የመዘዋወርና የመሥራት መብታቸውን አስፍቷል። ቢሆንም ከእነርሱ መካከል ወደ ሌላ አገር ለጥቂት ቀን ሄዶ እህቱን ለማየት የሚሻ ወጣት «መመለሻህ ወዴት ነው?» መባሉ አይቀርም፤ ማስረጃውንም ሊጽፍለት የሚገባው የእኛ አገር ጽሕፈት ቤት ነው። ዛሬ ከመስኮቱ ወዲህ የቆምን ተማሪዎች ነገ ከመስኮቱ ወዲያ የምንቀመጥ ሹማምንት ነን። ያን ቀን ወረቀቱን ከመቁጠራችን በፊት ቀና ብለን የሰውዬውን ፊት እንድናይ ከአሁኑ ቃል እንግባ።